ለየክፍሉ የተለያየ በር

ዛሬ ቦንጋ ውስጥ በማሠራው የእንግዳ ማረፊያ፣ ከባለቤቱ ከጋሽ ወልዴ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግቶብን ቀረን።

ነፋስ በሩን ጥርቅም አደረገው። ብንጎትተው ንቅንቅ አይልም። መስኮቱ ደግሞ የብረት ፍርግርግ አለው።

«ኢንጂነር፣ የሌላ ክፍል በር ነው በግድ የገጠምኩት መሰለኝ!» አለ አናጺው ከውጭ።

ለየክፍሉ የተለያየ በር ያዘዙት ጋሽ ወልዴ ናቸው። እኔማ ገና ዲዛይን ላይ እያለን፣ «ሁሉም አንድ ልክ ይሁኑ፤ ወርክሾፑ ቶሎና በርካሽ ያመርታቸዋል፣ የትም ይገጥማሉ» ብዬ ለምኛቸው ነበር።

ላብ አጠመቀን። ጋሽ ወልዴ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ።

«ልጄ፣ አየር አጠረኝ። በቃ፣ አንድ ልክ አድርጊያቸው!»

በሩ ተሰብሮ ወጣን። ጋሽ ወልዴ ውሃ ጠጡና፣ «የሳሎኑን በር ብቻ ለየት አድርጊልኝ» አሉኝ። (ሳሎኑ አራት በር አለው።)

እናንተስ፣ አሠሪያችሁን እንዴት ነው የምታሳምኑት? እስቲ ንገሩኝ።