ድስቱ ነው ሲሏት

በዚያ ሸለቆ ከጉንቮር የተሻለ ቡናማ አይብ የሚያበስል ሰው አልነበረም። ይህን ግን አንድም ሰው ከአፉ አውጥቶ ብሏት አያውቅም። ቄሱ ቀምሶ "አይ ድስት!" ይላል። ፖስተኛው ቀምሶ "የእናታችሁ ድስት እኮ የተለየ ነው" ይላል። ድስት ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ፍየል የሚያልብ ይመስል፣ ክንዱ እስኪዝል የሚያማስል ይመስል፣ ምስጋናው ሁሉ ለብረት ነበር። ጉንቮር ራሷም ድስቱ ነው ብላ ታምን ነበር፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው።

የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ እሷ ናት። በእነሱ ጊዜ በነበረው የኖርዌይ ሕግ ግን ወንድ ልጅ ካለ፣ ታናሽም ቢሆን፣ እርሻው የእሱ ነው። ስለዚህ በሁለት ዓመት የሚያንሳት ቶሌፍ ቤቱን ወረሰ፤ ማሳውን ወረሰ፤ ተራራው ላይ ያለውን የበጋ ጎጆና ፍየሎቹን ወረሰ፤ ትልቁን የብረት ድስትም ወረሰ። ለጉንቮር የደረሳት ማለብ ብቻ ነው።

በረዶው እንደቀለጠ ፍየሎቹን እየነዳች ተራራ ትወጣለች፤ ብርዱ እስኪመለስ አትወርድም። ወተቱን አርግታ ነጩን አይብ ካወጣች በኋላ የሚቀረውን አጓት፣ ሌላው ለአሳማ የሚደፋውን፣ ድስቱ ላይ ትጥደዋለች። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ማማሰል ነው። ውኃው እየተነነ ሲሄድ ክሬም ትጨምርበታለች፤ አጓቱ ይወፍራል፣ ይቀላል፣ በመጨረሻም ቡናማ ሆኖ ማማሰያውን አላስኬድ ይላል። ትንሽ ከተዘናጋች ሥሩ ያራል። ከእሳት ሲወርድ ደግሞ በእንጨት ገበታ ላይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ይታሻል። ማሸቱን እናቷ ድሮ ለማንም አትሰጥም ነበር፤ ጉንቮርን ገና በወጣትነቷ ያስተማረቻት የራሷ እጅ በቁርጥማት ቢያዝ ነው፣ ያውም ለምን እንደሚታሽ ሳትነግራት።

ሃያ አራት ዓመቷ ሳለ ከጎረቤት ሸለቆ ኦስሙን የሚባል ረጋ ያለ ሰው ላግባሽ አላት። ወዷታል፤ ወዳዋለች። ቤተሰቦቹ ዘንድ ሄዳ በእነሱ ድስት አይብ አበሰለችላቸው። ከእሳት እንዳወረደችው "ነይ ልጄ፣ ምግቡ ቀርቧል" ብለው ጠሯት፤ እንቢ ማለት ነውር መስሏት ሄደች፤ አይቡ እዚያው ድስቱ ውስጥ ቀዘቀዘ። በማግሥቱ ሲቆረጥ ጥርስ ላይ እንደ አሸዋ ተንኮሻኮሸ። በሐፍረት ቁራሹን ይዛ ቤቷ ገባች። እናቷ ቀመሰችው፤ በጣቶቿም ፈርፍራ አየችው።

"አየሽ?" አለቻት። "ድስቱ ነው። ከዚህ ድስት ከራቅሽ አንቺ ምንም አይደለሽም።"

ጉንቮር አመነች። እናት ናት፣ እንዴት አታምን? ኦስሙን ጠበቀ፤ ደግሞም መጥቶ ጠየቀ፤ እንቢ አለችው። የሰው ቤት ገብታ አሸዋ እያበሰለች መሳቂያ መሆንን ፈራች። ሰውዬው ሌላ አገባ፣ ወለደ፣ ከበደ፣ አምና ተቀበረ። ጉንቮር ቀብሩ ላይ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆማ ነበር።

ዘንድሮ ደግሞ ቶሌፍ ምንም ሳያማክራት የተራራውን ጎጆ ለከተማ ሰዎች ሸጠ። ማዶ ሸንተረር ላይ ያለች መበለት ይህን ሰምታ "ፍየል አለኝ፣ ጎጆ አለኝ፣ የሚያበስል ሰው ነው ያጣሁት፤ ነይ አብረን እንሥራ" ብላ ላከችባት። ጉንቮር ወንድሟን የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ድስቱን ስጠኝ።"

"ድስቱማ ከጎጆው ጋር ሄደ እኮ እታለም" አለ ቶሌፍ። "እስከሚረከቡ ድረስ ነው እዚህ ያለው። በር ላይ አስቀምጠን አበባ እንተክልበታለን ብለዋል።"

"አበባ?"

"ምን አለበት? ያምራል።"

"አናትህ ላይ ይትከሉት!"

"ኧረ ቀስ! ደግሞስ በዚህ ዕድሜሽ የሰው ተራራ ወጥተሽ፣ ያለ ድስቱ ምን ልታበስዪ ነው?"

ያንገበገባት ስድቡ አይደለም፤ እሷም እንደዚያው ማመኗ ነው። በማግሥቱ ማለቡን ለጎረቤት ልጅ አደራ ብላ አውቶቡስ ተሳፍራ ከተማ ወረደች፣ የቶሌፍ ልጅ ኤልድሪ ጋ። ኤልድሪ እርሻ ትምህርት ቤት ስለ ወተት ነው የምታጠናው። የአክስቷን ንዴት እስከ መጨረሻው ሰምታ ሳቀች፤ ሳቋ ጉንቮርን ይበልጥ አበገናት።

"ምን ያስቅሻል አንቺ?"

"አክስቴ ሙች፣ ድስቱ ምንም አያደርግም! አጓቱ ውስጥ የሚቀር ፕሮቲን አለ፤ እንደ ክር ልቃቂት የተጠቀለለ ነገር ነው። ክሩ ላይ ትንንሽ እጆች አሉት በይው። አንዳንዶቹ ውጭ ናቸው፤ ሌሎቹ ጥቅሉ ውስጥ ተደብቀዋል። ስታሞቂው ጥቅሉ ይፈታል፣ የተደበቁት እጆች ብቅ ይላሉ፣ የወተቱን ስኳር አፈፍ ያደርጉታል። ውኃው እያለቀ ሲሄድ ይቀራረባሉ፤ ያኔ ይብሳል። ቡናማው ቀለም፣ ያ ሽታ፣ ያ ጣዕም ሁሉ ከዚያ ነው የሚመጣው። እሳትና ጊዜ ነው፣ እንዳያር የምታማስዪው ደግሞ አንቺ ነሽ።"

"ታዲያ የኦስሙን ቤት ለምን አሸዋ ሆነ?"

"ሲቀዘቅዝ አሽተሽው ነበር?"

"ለምግብ ጠሩኝ እኮ... እዚያው ድስቱ ውስጥ ነው የቀዘቀዘው" አለች ጉንቮር።

"ስኳሩ ሁሉ አይያዝም አክስቴ። የተረፈው ዝም ተብሎ ከቀዘቀዘ ጠጠር ይሠራል። ሲታሽ ግን ጠጠሩ ደቅቆ ይቀራል፤ ምላስ አያገኘውም።"

"ውሸት ነው!" አለች ጉንቮር። ውሸት እንዲሆን ፈልጋ ነው እንጂ እንዳልሆነ ገብቷታል።

ኤልድሪ ከትምህርት ቤቱ አጓት አመጣች። የተማሪዎቹን የሾርባ ድስት፣ ጎኑ የጎደጎደውን፣ ምድጃ ላይ ጣዱት። ጉንቮር አማሰለች፤ ክሬም ጨመረች፤ አወረደች፤ እስኪቀዘቅዝ አሸች። በማግሥቱ በቢላዋ በስሱ ቆርጣ ቀመሰችው። ያው ነው። ቀለሙ ያው፣ ልስላሴው ያው፣ ምላስ ሥር የሚቀረው ጣዕም እንኳ ያው። ኤልድሪ አጨበጨበች። ጉንቮር ቢላዋውን ግድግዳው ላይ ወርውራ አለቀሰች። ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ዕድሜዋ በከንቱ አልሄደም ነበር።

እሑድ ሁለቱም ወደ ቶሌፍ ቤት ሄዱ። ጉንቮር አይቡን ከቂጣው ጎን አቀረበችለት። ቶሌፍ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ልጁንና እህቱን አንድ ማዕድ ላይ አይቶ ስለማያውቅ ደስ አለው። ጎረሰና ዓይኑን ጨፈነ።

"እሰይ! ይኼ ነው የእናታችን ድስት!"

"በሾርባ ድስት ነው ያበሰልኩት" አለች ጉንቮር። "ልጅህ ኩሽና።"

ቶሌፍ ማኘኩን አቆመ። የጠበቀችው እንዲገረም ነበር፤ አላምንም እንዲላት፣ እንዲስቅባት። እሱ ግን አልተገረመም። አንገቱን ደፋ።

"ታውቅ ነበር?"

"እናታችን ናት..." አለ ቶሌፍ። "ያኔ ያመጣሽውን ቁራሽ እንደቀመሰች አውቃዋለች። 'ሳታሸው ነው ያቀዘቀዘችው' አለችኝ። 'እንዳትነግራት፤ እሷ ካገባች ማን ያልብልሃል?' አለች።"

"አባዬ!" አለች ኤልድሪ።

"እኔ ምን ላድርግ? ልጅ ነበርኩ።"

"ሃያ ሁለት ዓመትህ ነበር" አለች ጉንቮር። "እሺ፣ እሷ ከሞተችስ በኋላ?"

ቶሌፍ የቀረውን አይብ ሳህኑ ላይ መልሶ አስቀመጠ። "ከዚያማ..." አለ፤ "ከዚያማ ልማድ ሆነ።"

ልማድ! የኦስሙን ፊት መጣባት፤ ሁለተኛ መጥቶ ሲለምናት ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ የቆመው። እናቷን ከመቃብር አውጥታ መነቅነቅ አማራት።

የማታው ማለቢያ ሰዓት ደርሶ ፍየሎቹ በረት ውስጥ መጮህ ጀመሩ። ቶሌፍ እንደ ሁልጊዜው ቀና ብሎ እሷን አያት፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ እንኳ አያት። ጉንቮር ተነሳች። ባልዲውን ከማንጠልጠያው አውርዳ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለትና ኮቷን መልበስ ጀመረች።

ቶሌፍ በዕድሜው ፍየል አልቦ አያውቅም። ባልዲውን አቅፎ በሩ ላይ ቆመ፣ ወደ በረቱ አየ፣ ወደ እሷ ዞረ።

"ከየቷ ነው የሚጀመረው?" አላት።

"እናትህን ጠይቃት" አለችው።