በቀዳዳዋ የታየው ቁጥር

ባለፈው ቅዳሜ አማቴን ጋሽ ታደሰን ይዤ ከአትላንታ ወጣ ወዳለ የተኩስ ሜዳ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ይዘውኝ የሄዱት እሳቸው ናቸው፤ ታከር ከተማ ካለው ቤታችን ስንወጣ «ቁልፉን ወዲህ በል» ብለው መኪናዬን ራሳቸው ነዱ። አማት ልንዳ ካለ እምቢ አይባልም።

የጋበዘን ሬይ የሚባል የዌርሃውስ ባልደረባዬ ነው። በአፈሙዙ በኩል ባሩድና እርሳስ የሚጎርስ የድሮ ጠመንጃ አለው። ማነጣጠሪያው ላይ መሃሏ የተበሳ ትንሽ ክብ ብረት አስገጥሞበታል።

«ለድሮ ጠመንጃ አይገባም የሚሉኝ አሉ» አለኝ። «ግን ዓይኔ ደከመ። በቀዳዳዋ ሳይ ሁሉም ነገር ይጠራልኛል።»

ጋሽ ታደሰ በወጣትነታቸው አዳኝ ነበሩ። ጠመንጃውን ተቀብለው ማዶ ወደተሰቀለው የወረቀት ዒላማ አነጣጠሩ። ጠበቅን፤ አይተኩሱም። ቀና ይላሉ፣ ዓይናቸውን ያሻሉ፣ ተመልሰው በቀዳዳዋ ያያሉ። ከኋላችን ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ። እኔ አፈርኩ፤ ሽማግሌ ደግሞ ቶሎ በሉ አይባልም።

«አባባ፣ ደከመዎት እንዴ?»

«ልጄ፣ እዚያ ማዶ ያለው ወረቀት ላይ እኮ ቁጥር ተጽፎበታል!» አሉ እየሳቁ።

«ያለ ቀዳዳዋስ አይታይዎትም?»

«ኧረ ቁጥሩ ይቅርና ወረቀቱም አይታየኝ!»

ከዚያ ተኮሱ፤ መሃሉን መቱት። ሬይን አቅፈው አመሰገኑና የመኪናዬን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው «በል ና ግባ፣ ሃይዌዩ ሳይጨናነቅ» ብለው ቀደሙኝ።