ከዘለላው የተጣሉት ጥቃቅን ጋላክሲዎች

ይህን ታሪክ ሳልጽፈው ልቀር ነበር። ደጋግሜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፤ ቂምን የማወድስ መስሎ እንዳይታይብኝ ፈርቼ። ሆኖም የከተማችን የቆሰበር ሰው ወሬውን እያጣመመ ሲያወራ ዝም ማለቱ ከበደኝ።

የአክስቴ ልጅ ይታይሽ፣ ለትምህርት ከመጣሁ ጀምሮ ከእርሷ ጋር የምኖረው፣ የፊዚክስ መምህርት ናት። ለሁለተኛ ዲግሪዋ ያጠናችው በአንድ ትልቅ የጋላክሲ ዘለላ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ጋላክሲዎች ነበር። ከቴሌስኮፕ ምስል እየለየች ቆጥራ፣ በኮምፒውተር የተሠራው ሞዴል ይኖራሉ ከሚላቸው ጋር ታነጻጽር ነበር። አማካሪዋ ዶክተር ሀይለመለኮት ግን ደብዛዛዎቹን ሁሉ የምስል ቆሻሻ ናቸው ብለው አስጣሏት። ከተመረቀች በኋላ ቆጠራዋን በራሳቸው ስም ብቻ አሳተሙት። ድምዳሜያቸው፣ ዘለላው ሞዴሉ ከተነበየው ያነሱ ጥቃቅን ጋላክሲዎች ስላሉት ሞዴሉ ተሳስቷል የሚል ነበር። ደብዛዛዎቹን ከምስሉ ሲያወጡ ከሞዴሉ አላወጡም ነበርና፣ ጎደሉ የተባሉት እርሷን ያስጣሏት እነዚያው ጋላክሲዎች ነበሩ።

ይታይሽ አልከሰሰችም። ማታ ማታ ኔትወርክ በተገኘ ቁጥር ጥርት ያሉ አዳዲስ ምስሎችን እያወረደች፣ የተጣሉት በእርግጥ ጋላክሲዎች መሆናቸውን አንድ በአንድ አረጋገጠች። የዶክተሩን ስህተት የሚያሳየውን ማረሚያ ጽሑፋቸውን ላወጣው መጽሔት ለምን ቶሎ እንደማትልክ ስጠይቃት ቀና እንኳ አላለችም።

«ሊቀመጡ ጎንበስ ሲሉ ነው ወንበሩን የምስበው» አለችኝ።

ዶክተሩ በዚያ ጽሑፍ የፕሮፌሰርነት ማዕረግ በጠየቁ ጊዜ፣ ማረሚያዋን ለመጽሔቱ ላከች። እርሳቸውም ሽማግሌ ላኩባት።

የመጡት በዘንገና ሐይቅ በኩል ድንች የሚያመርቱት አያ እንየውና ሁለት ጓደኞቻቸው ነበሩ። ዝናብ እየዘነበ ነው። ወንበር ባቀርብላቸውም እንደ ወጉ፣ እሺ ካላለች አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ሰውየው በስተርጅና እንዳይዋረዱ ማረሚያዋን ከመጽሔቱ እንድትመልስ ለመኗት። የሽማግሌን ልመና መግፋት ከባድ ስለሆነ፣ እኔ እሺ የምትል መስሎኝ ነበር።

«አያ እንየው» አለች ይታይሽ፣ «ደቃቁን ድንች ለዘር አስቀርተው ትልልቁን ገበያ ያወጣሉ አይደል?»

«አዎ ልጄ።»

«ደቃቁን ያስቀሩ ያለዎት ገዥው ራሱ ቢሆንና፣ ኋላ በገበያው መሐል 'የእንየው ማሳ ደቃቅ አያበቅልም' ብሎ ቢያወራስ? ዘሩንም የኔ ነው ቢልስ?»

አያ እንየው ጋቢያቸውን አራገፉ። «ሰውየው እንዲህ ነው ያደረጉሽ? እኛን የላኩን ተቀያይመናል ብለው ነው።»

«እንዲህ ነው። አልታረቅም፤ እንኳን ማረሚያውን፣ አንዲት ነጥብ አልመልስም።»

ሽማግሌው ጓደኞቻቸውን ተመለከቱና፣ እሺ ሳትላቸው ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። ልመናው በዚያው አበቃ።

ማረሚያው ታተመ፤ ማዕረጉም ታገደ። ጨካኝ ናት የሚሏት ብዙዎች ናቸው። እንደ ተጣሉት ጋላክሲዎች ሁሉ ይታይሽም የመቆጠር መብት አላት፤ የሚገባትም በራሷ ሥራ ላይ የራሷ ስም ነው።