የቡልቡላው ማሽን ዓመት

የሻሽወርቅን ያወቅኋት ገርጂ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ሳጸዳ ነው። እሷ ካርድ ክፍል ነበረች። መቀመጥ የማይሆንላት ልጅ፤ ወንበር ላይ ሆና እንኳ እግሯ አያርፍም።

ክሊኒኩ ያኔ የበሽተኛውን ካርድ ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቶ ነበር። ቡልቡላም፣ ገና የእርሻ አገር ሳለ፣ ትንሽ ቅርንጫፍና ሌላ ኮምፒውተር ነበረን። ሁለቱን የሚያገናኝ መስመር የለም። የሻሽወርቅ ሰኞ የካርዶቹን ግልባጭ በዲስኬት ይዛ ትሄዳለች፤ ሳምንቱን እዚያ ሠርታ፣ ዓርብ የተለወጠውን አምጥታ ዋናው ላይ ትመልሳለች። ዲስኬቷን አቧራ ፈርታ በመሐረብ ትጠቀልላት ነበር። አንድ ካርድ ሁለቱም ጋ ከተነካ ማሽኑ ቀኑን አይቶ በኋላ የተጻፈውን ይይዛል፤ ሌላውን ይጥላል። እንዲህ ብሎ ያስተማራት ማሽኖቹን የተከለው ዱባለ ነው።

የካቲት ላይ ፈቲያ የምትባል የቡልቡላ ሴት ፔኒሲሊን ተወግታ ፊቷ አበጠ፤ ትንፋሿ ተቆርጦ ለትንሽ ተረፈች። የሻሽወርቅ ካርዷ ላይ «ፔኒሲሊን እንዳይሰጣት» ብላ ጻፈች፤ ዓርብ ገርጂ መጥታ መለሰች። ለካ በዚያው ሳምንት መጀመሪያ የፈቲያ ባል፣ ገርጂ ቤት ሊገቡ ነውና፣ እኛ ጋ መጥቶ ካርዷ ላይ አድራሻ አስለውጦ ኖሯል።

ሰኞ ጠዋት የሻሽወርቅ ልትወጣ ስትል ፈቲያን ኮሪደር ላይ አገኘቻት።

«ምነው ፈቲያ?»

«ጉሮሮዬን አሞኝ። መርፌ ታዞልኛል።»

«የምን መርፌ?»

«እኔ ምን አውቄ።»

ተመልሳ ማሽኑን ከፈተች። አዲሱ አድራሻ አለ፤ የጻፈችው የለም። ስትሮጥ የወለል ባልዲዬን ደፋችው። መርፌ ክፍል እንድሪስ መድኃኒቱን ስቦ ጨርሷል።

«እንድሪስ፣ አስቀምጠው።»

«ሐኪሙ እኮ ነው ያዘዘው፣ የሻሽ።»

«አስቀምጠው አልኩህ። ባለፈው ሳምንት ሊገድላት ነበር።»

ፈቲያ እጅጌዋን እየመለሰች፣ «ተጽፏል ስላልሽኝ ዝም አልኩ» አለቻት። ይህች ቃል ናት የሻሽወርቅን የበላቻት።

ዱባለ ቡልቡላ ሄዶ ማሽኑን አየ።

«ይህን ዓመት ማን ሞላው?»

«እኔ። መስከረም ላይ ማሽኑ ዓመቱን ሲጠይቀኝ ዘጠና አልኩት። ዘጠና አይደል እንዴ?»

«ለእኛ ነው። የገርጂው በፈረንጅ ዘጠና ስምንት ላይ ነው። ካርዱ ሁለቱም ጋ በተነካ ቁጥር ያንቺ ጽሑፍ የዓመታት አሮጌ እየመሰለው ሲጥልሽ ከርሟል።»

አምስት ወር ሙሉ። የቡልቡላን የዕለት መዝገብ አስመጣችና ከምሳ በኋላ እኔ ስም እየጠራሁላት፣ እሷ ማሽኑን እያየች፣ አንድ በአንድ አስተያየን። ፊደል ቆጥሬ ስለነበር በዚህ ጠቀምኳት። የተጻፈላቸው የጠፋ አሥራ አንድ ሰዎች ወጡ። አሥሩን ቤታቸው ድረስ ሄዳ ነገረቻቸው። አንዱ፣ ካሳዬ የሚባል ሽማግሌ፣ ቤቱን ለቆ ሄዷል አሏት። ከእሱ ካርድ የጠፋውም «ፔኒሲሊን እንዳይሰጠው» የሚለው ነበር።

አሁን ሁለታችንም ሥራ ከተውን ቆየን። ቦሌ መድኃኔዓለም ስንገናኝ ገና ሳንሳሳም ትጠይቀኛለች።

«እትዬ የሺ፣ ካሳዬ የሚባል ሰው አልሰሙም?»

«አልሰማሁም ልጄ» እላታለሁ። ዓይኗ ግን ከእኔ አልፎ የሚገባውን የሚወጣውን ሽማግሌ ሁሉ ያያል።