ያልጠጣሁት አጥሚት

በዚያን ቀን ከሰዓት ቤታችን ውስጥ የነበርነው አማቴ፣ ጎረቤታችን፣ ባለቤቴ፣ ትንሿ ልጄና እኔ ነን። ሆዴ ውስጥ ያለውም ነበር። አማቴ አልቆጠሩትም፤ እኔ ግን ቆጥሬዋለሁ።

አማቴ ሐኪም ጋራ ከሚባለው ሰፈራቸው የመጡት በፔርሙስ አጥሚት ይዘው ነው። አጥሚት ለወለደች ሴት ይሰጣል፤ ፅንስ ለወረዳትም ይሰጣል፣ ሰውነቷ እንዲጠገን። ደም እንደታየኝ ሲሰሙ አለቀላት ብለው፣ ሳይጠይቁኝ አፍልተው መጡ። ገና ከበሩ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉኝ።

«ከምኑ?» አልኳቸው።

እኔ ፈሪ ነኝ። ልጄ ስታስነጥስ ጋቢ የምደርብ፣ የፈላ ውሃ መልሼ የማፈላ ሴት ነኝ። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ ሐኪም ያለኝን ሁሉ አምናለሁ። ያን ጠዋት ሐኪሟ ሆዴን በአልትራሳውንድ አይታ፣ «ፅንሱ አለ፤ የልብ ምቱ ግን አይታይም። ገና ስለሆነ ይሆናል፣ ቆሞም ይሆናል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሺ» አለችኝ።

ውጭ አግዳሚው ላይ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ አለቅሳለሁ። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ማንጎ ትልጣለች። ኤረር በር ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ የገጠር ሴት ናት፤ እሷም ያንኑ ተብላ ነው የወጣችው።

«ማን ሞተብሽ?» አለችኝ።

«እንጃ፣ ገና አልታወቀም።»

«እንጃ ተብሎ ይለቀሳል? እኔ ዋላሂ አህያዬ ታማ ስትተኛ እንኳ ሳትሞት አላለቀስኩላትም። ይኸው ዛሬ ሽንኩርት ተሸክማ መጥታለች።»

«ልጅና አህያ አንድ ነው?»

«አይደለም። ግን እስኪነግሩኝ ድረስ እኔ እርጉዝ ነኝ። አንቺም ነሽ። እንቺ ብዪ» ብላ የማንጎውን ግማሽ ሰጠችኝ። በቀጠሯችን ቀን ኢንሻአላህ እዚሁ አግዳሚ ላይ እንገናኝ ተባብለን ተለያየን።

እንግዲህ አማቴ አጥሚቱን ቀድተው ሲዘረጉልኝ ማንጎው ገና አፌ ውስጥ ይጣፍጠኝ ነበር።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልጠጣም። አልወለድኩም፤ አልወረደኝም።»

«ልጄ፣ እኔ ስንቱን አይቻለሁ።»

«አይተዋል። የዚህን መጨረሻ ግን ገና ማንም አላየም።»

ባለቤቴ ባጃጅ ነጂ ነው። መንገድ ላይ ማንንም አይፈራም፤ እናቱንና እኔን ይፈራል። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አንድ ፉት በይላቸው በቃ» አለኝ።

«አንተ ጠጣዋ።»

ግራ ቀኙን አየና ኩባያውን ጨለጠው። ጎረቤታችን «እንኳን ማርያም ማረችህ፤ ወንድ ነው ሴት?» አለችው። ልጄ ተንከተከተች። አማቴ አልሳቁም። ፔርሙሳቸውን ከድነው «እንግዲህ እኔ የለሁበትም» ብለው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ደሙ አንዴ ይቆማል፣ አንዴ ይመለሳል። መጸዳጃ ቤት በገባሁ ቁጥር ማርያምን እጠራለሁ። ቢሆንም እርጉዝ መሆኔን አልተውኩም። በእኛ ዘንድ ሆድ ሳይገፋ እርግዝና አይወራም፤ እኔ ግን ለጠየቀኝ ሁሉ ነገርኩ። ፈረስ መጋላ ገበያ ሻሽ የምትሸጥ ወዳጄ «ዝም በይ፣ ዐይን አለ» ስትለኝ፣ «ይየኝ» አልኳት። ልጄ ቢሞትብኝ እንኳ ተደብቆ እንዲሞት አልፈለግኩም።

በቀጠሮዬ ቀን ሐኪሟ ማሽኑን ወደ እኔ አዞረችው። የምስር ፍሬ የምታህል ነገር ብልጭ ድርግም ትላለች። «ልቡ ነው» አለችኝ።

አላለቀስኩም። ለሽንኩርት ሻጯ ብዬ ያመጣሁትን ማንጎ ይዤ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ክሊኒኩ እስኪዘጋ ጠበቅኳት፤ አልመጣችም። በማግስቱ ኤረር በር ሄድኩ። ቦታዋ ላይ ሌላ ሴት ቃሪያ ዘርግታለች። «ሰሞኑን አላየናትም» አሉኝ።

ወንድ ልጅ ወለድኩ። አማቴ ያንኑ ፔርሙስ ይዘው መጡ፤ ያን ጊዜ ሁለት ኩባያ ጠጣሁ። አሁን ልጁ እየዳኸ ጫማ ይበላል።

የዚያችን ማንጎ የሰጠችኝን ሴት ስሟን አልጠየቅኳትም ነበር። ቀጭን፣ ጠይም፣ የፊት ጥርሷ በትንሹ የተሸረፈ ናት፤ ኤረር በር በአህያ ሽንኩርት ታመጣ ነበር። የሚያውቃት ካለ፣ ልጅ ኖራትም አልኖራትም፣ እንዴት እንዳለች እባካችሁ ንገሩኝ።