ጥሩምባውን ያስቆምኩበት ዘመቻ

የተሳቢ መኪና ክላክስ በሰማሁ ቁጥር እጄ የያዘውን ያስቀምጣል። ስልክ የምጠግንባት ሱቄ ከአስፋልቱ ዳር ናት። ከደሴ የሚወርደው ተሳቢ ባጃጆቹን ከመንገድ ለማስወጣት ረዥሙን ሲለቀው፣ አቧራውና የሽንኩርቱ ጆንያ ሽታ ተደባልቀው ሲገቡ፣ አንገቴ ሳላዘው ወደ ላይኛው ሰፈር ይዞራል። ማን ሞተ? እላለሁ በሆዴ። ማንም አልሞተም፤ ሹፌሩ ቸኩሎ ነው።

የሰፈራችን እድር ጥሩምባ ነፊ ነበረው። ትልቅ ትንሹ ጋሼ ነበር የሚላቸው። ሰው የሞተ እንደሆነ ገና ሲነጋጋ የውሃ ታንከሩ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥተው ሦስት ጊዜ ይነፋሉ። ከዚያ በየመንገዱ እየወረዱ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራሉ። መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «የሰማችሁ ላልሰማ አሰሙ!» ድምፃቸው ወንዙ ድረስ፣ መስኖው ድረስ ይወርድ ነበር።

እኔ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነኝ። ከተማችን ሮቢት ሙቀቱ አያስተኛም፤ በረንዳ ላይ ፍራሽ ዘርግተን ስንገላበጥ እናድራለን። ሊነጋ ሲል ቀዝቀዝ ይልና ዓይኔ ሲከደን ጋሼ ይነፉታል። ተናደድኩ። እውነቱ ይኸው ነው፤ የተጀመረው ከእንቅልፌ ነው።

ዘመኑ ደግሞ የዘመቻ ነበር። እኔና አብራኝ የምትቀመጠው ልጅ ስለማናውቀው ጉዳይ ሁሉ ፌስቡክ ላይ ፕሮፋይል እንቀይር ነበር፤ ዛሬ ቀይ፣ ነገ ጥቁር። የራሳችን ዘመቻ አማረን። «ጥሩምባ ይብቃን» የሚል ገጽ ከፈትን። ነፍሰ ጡር ትደነግጣለች፣ ተማሪ ይረበሻል ብለን ጻፍን። አንዲትም ነፍሰ ጡር አልጠየቅንም። ማንም ዞር ብሎ አላየንም።

ስለዚህ አንድ ቀን ከቁልቋሉ አጥር ጀርባ ተደብቄ ጋሼን ቀረጽኳቸው። ጉንጫቸው ተነፍቶ፣ ዓይናቸው ፈጥጦ። በጥሩምባው ድምፅ ፋንታ የላም እምቧታ አስገባሁበትና ለቀቅሁት። ሮቢት በየት በኩል እንደሆነች የማያውቅ ሰው ሁሉ ሳቀ። የሰፈር ልጆች ጋሼን ባዩ ቁጥር ጉንጫቸውን ይነፉባቸው ጀመር። እሳቸው ያላቸው ኢንተርኔት የሌለው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ምንም አላዩም። ልጆቹ የወደዷቸው መስሏቸው መልሰው ጉንጫቸውን ይነፉላቸዋል፣ አብረው ይስቃሉ።

የእድሩ ሊቀመንበር በስብሰባ ላይ ስልኩን ከፍ አድርጎ፣ «ዓለም እየሳቀብን ነው» አለ። መርዶ ከእንግዲህ በቴሌግራም ግሩፕ እንዲነገር ተወሰነ። ግሩፑን የምከፍተውም የምለጥፈውም እኔ ሆንኩ። ተጨበጨበልኝ። ጋሼም አጨበጨቡ።

«ጉልበቴም ደክሟል» አሉ። «ግን ስልክ የሌለውስ?»

«ልጆቹ ይነግሩታላ ጋሼ።»

«የማን ልጆች?»

ልጅ አልነበራቸውም። ሰዉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ።

ጋሼ አንድ የልብ ወዳጅ ነበራቸው፤ ለላይኛውም ለታችኛውም ሰፈር ማሾ የሚሸጡ ሐጂ። ወንዙ ዳር ማሳቸው ድንበር ለድንበር ነው፤ ከአንድ ቦይ በተራ ያጠጣሉ። ሐጂ አንድ ማክሰኞ ጠዋት አረፉ። ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሜ ለጠፍኩት። ከቀትሩ የዙህር ሶላት በፊት ተቀበሩ፤ ብዙ ሰው ነበር።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ በር ላይ እጅ እያስታጠብኩ ሳለ ጋሼ ከወንዙ በኩል መጡ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ተጠቅልሏል፣ እግራቸው ጭቃ ነው፣ አካፋ ተሸክመዋል።

«ማን ነው?» አሉኝ።

«ሐጂ ናቸው።»

«የትኛው ሐጂ?»

«የእርስዎ።»

አካፋውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት። «ተራው ነበር፤ ሲዘገይብኝ እኮ ውሃውን ወደሱ ማሳ መልሼለት ስጠብቀው…» አሉ። አልጨረሱትም። ቀጥለው፣ «ማን ነገራችሁ?» አሉ።

«ግሩፕ ላይ ተለጥፏል ጋሼ» አለ አንዱ።

«የት ላይ ነው? ሄጄ ልየው።»

ጀሪካኑ በእጄ ላይ ከበደኝ።

በማግስቱ ቤታችን መጡ። የሚጮሁብኝ መስሎኝ ነበር። ቪዲዮውን አንድ ሰው አሳይቷቸዋል ለካ። «ላሟ ግን የማን ናት?» አሉኝ። ከዚያ በሩን ተደግፈው፣ «የኔ ቀን ሲደርስ፣ አደራ፣ በአፍሽ ተናገሪ። ታንከሩ ጋ ወጥተሽ። ጥሩምባው ባይሆንልሽም በአፍሽ» አሉ።

«እሺ ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎት» አልኩ። ዓይኔ ስልኬ ላይ ነበር።

ዕድሜ ሰጣቸው፤ ጥቂት። ባለፈው ዓመት የሞቱ ዕለት የደንበኛ ስልክ ፈትቼ ተቀምጫለሁ። ሊቀመንበሩ ደወለና «ለጥፊው» አለኝ። ለጠፍኩት። አንድ ብሎን ከመፍታት ያነሰ ጊዜ ነው የወሰደው። ሻማው፣ የሚያለቅሰው ፊት፣ «ነፍስ ይማር» ጎረፈ። ዓረብ አገር የሄደችው የዘመቻ ጓደኛዬ «የሰፈራችን ጀግና» ብላ ጻፈች። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ሲንዘረዘር፣ ምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ። እንዲህ የታየ ነገር ለጥፌ አላውቅም።

የደንበኛውን ስልክ ገጥሜ ስጨርስ አንድ ተሳቢ ክላክሱን ለቀቀው። ያኔ ነው አደራው ትዝ ያለኝ።

ሱቁን ሳልዘጋ ሮጥኩ። አስከሬኑን ይዘው ሲወጡ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ደረስኩባቸው። ሳጥኑን የተሸከሙት የሚቀይራቸው አጥተው በፀሐዩ ላብ አጥምቋቸዋል። ፊት የያዘው የሐጂ ልጅ ነው። መስኖ ላይ ካሉት ጎረቤቶቻቸው አንድም ሰው አልነበረም።

«ሰዉስ?» አልኩት ሊቀመንበሩን።

«ሁሉም አይቶታል» አለኝ፣ ስልኩን እያሳየኝ።

ከቀብር መልስ ታንከሩ ጋ ወጣሁ። ቆርቆሮው ከታች ያንጸባርቃል፣ ሙቀቱ ከመሬት ይነሳል። አፌን ከፍቼ ስማቸውን ጠራሁ። ድምፄ ተሰነጠቀ። ደግሜ ጠራሁ። ከታች ልብስ የምታሰጣ ሴት ቀና አለች።

«አንቺ፣ ምን ሆንሽ?»

«ጋሼ ሞቱ!»

«አይቼዋለሁ እኮ» አለችና አንሶላውን ገመዱ ላይ ዘረጋችው።