ሁለቱም ፔዳሎች አንድ ዓይነት ጮሁብኝ

ዛሬ ካዛንቺስ የጊታር ዕቃ ከሚሸጥልኝ ሰውዬ ጋር፣ በእግር ሲረገጡ የጊታርን ድምፅ በሚያሻክሩ ሁለት ፔዳሎች ምክንያት ተጣልቼ መጣሁ።

«ኦቨርድራይቭና ዲስቶርሽን ብለህ የሸጥክልኝ ፔዳሎች ድምፃቸው አንድ ነው። ሸወድከኝ!» አልኩት፣ ሱቁ ሙሉ ሰው እያየኝ።

ሰውዬው ጊታር ሰክቶ ሁለቱን እያቀያየረ መታልኝ።

«ኧረ በጣም ይለያያሉ!» አለች አጠገቤ የቆመች ልጅ። «ያኛው ሞቅ ያለ ነው፣ ይሄኛው እንደ መጋዝ ይቆርጣል።»

ለእኔ ሁለቱም ያው የታፈነ ጩኸት ናቸው።

«ወንድሜ፣ ጆሮህን ተመርምረህ ታውቃለህ?» አለኝ ሰውዬው በቀስታ። (በቀስታ መሆኑን ያወቅኩት እኔ ሳልሰማው ልጅቷ ጮክ ብላ ስትደግምልኝ ነው።)

ዕድሜዬን በሙሉ የናይት ክለብ ስፒከር ሥር ቆሜ ተጫወትኩ። በቃ፣ ከጊታር ሌላ ሥራ አላውቅም።

ሙዚቀኞች፣ እናንተ መጀመሪያ የጠፋባችሁ የትኛው ድምፅ ነው? መጥፋቱንስ ማን ነገራችሁ?